ድምፅ የሌለው እንክብል

ስልክ ሲደወልላት ቃር የኢንስፔክተር ራዶስቲና ቬልኮቫን ጉሮሮ እያቃጠላት ነበር። የጨጓራ እንክብሏን ገና መዋጧ ነው፤ ሐኪሟ እንዳዘዛት ግማሽ ሰዓት ቆይታ ቁርሷን መብላት ነበረባት። ቁርሱ ቀረ። ኮቷን ደርባ፣ የእንክብሉን ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ ወጣች።

ሬሳው ያለው ፐርኒክ ከተማ ውስጥ፣ በድሮው የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ክበብ ምድር ቤት በተከፈተው ጂም ነው። ሟቹ ጋሊን ማርቼቭ ይባላል። በልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ በአግዳሚውና በግድግዳው መካከል በጎኑ ወድቋል፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ሁለት እጁን ጨጓራው ላይ እንደጫነ። አጠገቡ ያለ ባልዲ ውስጥ የተፋው ጥቁር ነገር አለ። ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነበር፤ ቅዳሜ ሶፊያ ላይ ለሰውነት ግንባታ ውድድር መድረክ ሊወጣ ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። ያን የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን ተኮራምቶ ማየት ያበሳጫል።

ዐቃቤ ሕግ ስፓሶቭ ቀድሟት ደርሶ ሰዓቱን እያየ ነበር።

«ግልጽ ነው» አላት። «አግዳሚው ላይ ያለውን እዪው። ስቴሮይድ፣ የጡንቻ ማሳበጫ። ክኒኑም መርፌውም እንደተዘረጋ ነው። ራሳቸውን እንደ ዶሮ ይቀልባሉ፣ ከዚያ ይፈነዳሉ። የሚሸጥላቸው አሰልጣኙ ነው፣ እሱን ይዘነዋል። እስከ ምሳ ፋይሉን ዝጊልኝ።»

«ሲያልቅ እዘጋዋለሁ።»

«አልቋል እኮ ነው የምልሽ።»

ቬልኮቫ ክርክሩን ተወችው። ከስፓሶቭ ጋር ስትከራከር ቃሯ ይብስባታል፤ ይህን ከብዙ ዓመት ልምድ ታውቀዋለች። ጎንበስ ብላ አግዳሚውን መረመረች። ከክኒኖቹ ቀጥሎ የሶዳ ዱቄት ከረጢት አለ፤ ኬክ ውስጥ የሚገባው፣ ሰው ሁሉ ለቃር በውኃ በጥብጦ የሚጠጣው ዓይነት። አጠገቡ ማንኪያና ብርጭቆ። ብርጭቆው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ፣ በዝቃጩ ላይ አንድ የሎሚ ዘር። የብርጭቆው ከንፈር ላይ ምንም የአፍ ምልክት የለም።

«ቃር ይዞት ነበር» አለች።

«የማይዘው ማን አለ? ለራሱ በጠበጠ፣ ሳይጠጣው ሞተ። ይኸው ነው።»

የሟቹን ቁም ሳጥን ከፈተች። የተቀቀለ ዶሮና ሩዝ በሳህን በሳህን ተደርድሯል። ከዶሮው ጫፍ ቆርሳ ቀመሰች፤ ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። ፎጣ፣ ጫማ፣ የክብደት ቀበቶ። የጨጓራ መድኃኒት ግን የለም። ለሶፊያ የታሰረውን የጉዞ ቦርሳ ስትበረብር ከጎን ኪሱ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለሉ ሁለት እንክብሎች አገኘች። ግማሻቸው ቀይ፣ ግማሻቸው ነጭ። ወዲያው አወቀቻቸው፤ እሷ በየቀኑ የምትውጠው ነው።

አንዱን ጆሮዋ ሥር ይዛ ነቀነቀችው። ጸጥ አለ። ከራሷ ጠርሙስ አንድ አውጥታ ነቀነቀች። ሽክሽክ አለ። ሁለቱንም ደግማ ሞከረች፤ ለውጥ የለም።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ስፓሶቭ።

«ቁርሴን እየበላሁ» አለችውና እንክብሎቹን በማስረጃ ከረጢት አሸገቻቸው።

ከቀትር በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ። ጨጓራው ቆስሎ፣ ቁስሉ ጠልቆ ተበስቷል፤ ሰውየው ለሰዓታት ደም ፈስሶታል።

«ሆስፒታል ቢሄድ ኖሮስ?» ስትል ጠየቀችው።

«ጠዋት ማስመለስ እንደጀመረ ቢመጣ ይተርፍ ነበር። ሆስፒታሉ እኮ ከጂሙ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ለምን እንዳልመጣ አልገባኝም።»

ለቬልኮቫም አልገባትም፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ሰው ደም እያስመለሰ ለምን ቁጭ ይላል?

የሟቹ ሚስት ጽቬታ ባኒጻ የሚባለውን አይብ ያለበት ቂጣ በምትጋግርበት ሱቅ ጓዳ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከንጋት በፊት ጀምራ እዚያው ነበረች፤ ባለሱቁም ደንበኞቹም ይመሰክሩላታል። አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ የሚታየው ቁጣ ነው።

«ለምኜዋለሁ» አለች። «የሚውጠው ክኒን ሆዱን እንደ ምድጃ ያነድደዋል። ከምግብ ጋር ይውጠዋል፣ ትራስ ደራርቦ ይተኛል፣ ከመሸ አይቀምስም፣ ቡና ተወ፣ ቲማቲም ተወ፣ በርበሬ ተወ። ሁሉን ነገር ተወ፤ ክኒኑን ብቻ አልተወም። ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ደግሞ ማስታገሻ ይጨምርበታል። የጨጓራ ሐኪሙ ‹ወይ አቁም፣ ወይ ይህን እንክብል በየጠዋቱ በባዶ ሆድህ ዋጥ፣ ካለዚያ ትደማለህ› አለው።»

«ይውጥ ነበር?»

«አንድ ቀን አልዘለለም። ጠርሙሱ ጂም ነው ያለው። አንድ ጊዜ ስቴሮይዱን ሽንት ቤት ስለደፋሁበት መድኃኒት የሚባለውን ሁሉ ከቤት አወጣው።»

«ጂም ውስጥ ጠርሙስ የለም።»

ጽቬታ ቀና ብላ አየቻት። «መኖር አለበት። ትናንት ማታ ‹ለቅዳሜ ሁለት ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ጠርሙሱ እዚያው ነው› ብሎኛል።»

«ሶዳስ ይጠጣል?»

«በውድድር ሳምንት? ኧረ ሞቶ ነው። ሶዳም ጨው ነው ይላል፣ ቆዳ ሥር ውኃ ይቋጥራል ይላል። እሁድ ለት ሾርባው ላይ ትንሽ ጨው ጣል ባደርግበት ሳህኑን ገፍቶ ተነሳ።»

«እኔንም ቃር ይዞኛል» አለች ቬልኮቫ ደረቷን እያሸች። «አንቺ ምን ታደርጊለታለሽ?»

«የጥሬ ድንች ጭማቂ። እናቴ የምትሰጠን እሱን ነው።» ጽቬታ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። «ይህ ለምርመራው ነው ወይስ ለሆድዎ?»

«ለሁለቱም።»

አሰልጣኙ ኦግኒያን ጣቢያ ታስሮ አንገቱን ደፍቷል ብላ ጠብቃ ነበር። ስትገባ ጠረጴዛውን እየደበደበ አገኘችው።

«ሸጥኩለት። አዎ። እኔ ባልሸጥለት ሌላው ይሸጥለታል» አላት። «ግን ልገድለው? የጂሙ ስም የሚጠራው በጋሊን ነው። ቅዳሜ ቢያሸንፍ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ በሬ ላይ ይሰለፍ ነበር። ገዳይ ብለው ዕድሜዬን እስር ቤት ሊያስጨርሱኝ ነው።»

«ጠዋት እዚያ ነበርክ?»

«እዚያ ብኖር ክኒኖቹ አግዳሚ ላይ ተዘርግተው ታገኟቸው ነበር? ከሬሳው በፊት እነሱን ነው የምደብቀው። ያን ያህል ጅል እመስላለሁ እንዴ?»

ሰውየው አስጠላት፤ የባሰ ያስጠላት ግን ያለው ነገር እውነት መሆኑ ነው። «ለቃር ምን ትወስዳለህ?» አለችው።

«ምን?»

«ለቃር።»

«ቀዝቃዛ ወተት» አለ ግራ እየተጋባ። «ለምን ጠየቁኝ?»

ሬሳውን ያገኘው ሞምቺል የጋሊን የልምምድ ጓደኛ ነው። ገላው የበሬ፣ ፊቱ ገና የልጅ። በአንድ ምድብ ስለሚወዳደሩ ጋሊን ቢቀር የሚጠቀመው እሱ ነበር፤ ስፓሶቭ አሰልጣኙ ካመለጠው እሱን ሊይዝ አስቧል። ቬልኮቫ ስታናግረው ማስቲካ እያኘከ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ማስቲካው ለቃር ነው» አላት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ምራቅ ያመጣል፣ ያበርዳል። ድሮ ከጋሊን ጠርሙስ አንዳንድ እንክብል እወስድ ነበር፤ እሱ አይነፍግም። በክረምቱ ይሠራልኝ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ምንም። ሰኞ ወስጄ ደረቴ ሲነድ አደረ። ጊዜው ያለፈበት ነው ብዬ ተውኩት።»

«ለጋሊን ነገርከው?»

«ነገርኩት። እሱንም ሲያቃጥለው ነበር። ‹ካቃጠለ ክኒኑ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፣ ቻል አድርገው› አለኝ። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው። ሲያምህ ትቆማለህ እንዴ? ሲያምህ ነው የምትጨምረው።»

ቬልኮቫ ይህን ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። የልጁን ማጅራት ይዛ ብትነቀንቀው ደስ ባላት፤ ግን የሚነቀነቀው አንድ እሱ ብቻ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ቨርጊል ቀረ፤ የጋሊን ታላቅ ወንድም። የጂሙን በር የሚከፍት፣ የውኃ ማሞቂያውን ቦይለር የሚያቀጣጥል፣ የተበጠሰ ኬብል የሚጠግን እሱ ነው። አጥንቱ ሰፊ ቢሆንም ሥጋው ሟሟል፤ ሹራቡ የድሮውን ቨርጊል ልክ እንደያዘ ነው። ከመግቢያው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ሻዩ ውስጥ ሎሚ ተንሳፍፏል።

«አንድ ነገር ይቅመሱ፣ ኢንስፔክተር። ፊትዎ ገርጥቷል።»

«ቃር ነው። ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቀኝም።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ያስቀምጥዎታል?» ብሎ ተነሳ። ብርጭቆ አወጣ፣ ውኃ ሞላ፣ ከጠረጴዛው ሥር ካለ ከረጢት አንድ ማንኪያ ሶዳ ጨመረ፣ ግማሽ ሎሚ በመዳፉ ጨመቀበት። ድብልቁ ተንፈቀፈቀ። አንድ የሎሚ ዘር ሾልኮ ወደ ሥሩ ወረደ። «አረፋው ሳይበርድ ይጠጡት። ሎሚ ከሌለው ዋጋ የለውም።»

ጠጣችው። እውነትም ቀለል አላት፤ ይህም አናደዳት።

«አንተም ነበረብህ?»

«እኔም ብረት እገፋ ነበር እኮ፣ ከጋሊን በፊት። ቁጭ ብዬ ነው የማድረው፣ ጉሮሮዬ ይነድዳል። አንድ ቀን ምርር አለኝና ክኒኑን ሁሉ ጣልኩት። አብረውኝ የጀመሩት ልጆች ልባቸው ቀጥ እያለ ሞቱ። እኔን ያዳነኝ ቃር ነው።» ይህን ሲል ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ዛሬ ጠዋት መቼ ገባህ?»

«ከሞምቺል በኋላ። ስደርስ እያለቀሰ ነበር።»

በማግስቱ ሁሉንም ጂሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦግኒያን በካቴና መጣ። ሞምቺል የክብደት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ጠበበው። ጽቬታ ግድግዳው ጋ ቆመች፣ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች። ቨርጊል ጠረጴዛው ኋላ እንደተለመደው። ስፓሶቭ በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ ያሽከረክራል።

«አጭር አድርጊው» አላት።

«አሳጥረዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ብርጭቆው። ጋሊን በዚህ ሳምንት ጨው ያለበት ነገር አፉ አያስገባም ነበር፤ ሚስቱ ነግራኛለች፣ ዶሮውንም ቀምሼዋለሁ። ስለዚህ ሶዳውን ለራሱ አልበጠበጠም። ሌላ ሰው በጠበጠለት፣ እሱ ደግሞ እምቢ አለ፤ ለዚህ ነው ብርጭቆው ሙሉ የሆነው። ለሬሳ ሶዳ የሚበጠብጥ የለም። ጋሊን በሕይወት እያለ፣ እያስመለሰ፣ አጠገቡ ሰው ነበረ። ከእናንተ ውስጥ ግን ነበርኩ ያለኝ የለም።»

ሞምቺል ዞሮ ሌሎቹን አያቸው።

«ሁለተኛ የእንክብሉ ጠርሙስ። ማታ ነበረ፣ ጠዋት የለም። ያ ሰው ወሰደው። አስቡት እስኪ፤ የሚያሳስረውን ስቴሮይድ አግዳሚ ላይ ትቶ፣ ማንም ፋርማሲ የሚሸጠውን የጨጓራ መድኃኒት ሰረቀ። ኦግኒያን ቢሆን ክኒኑን ነበር የሚደብቀው።»

«ብያለሁ!» አለ ኦግኒያን።

«አንተ ዝም በል፣ ያንተ ተራ ይመጣል።» ከማስረጃ ከረጢቱ አንዱን እንክብል አወጣች። «ሌባው ያላወቀው ጋሊን ለቅዳሜ ሁለት ማስቀመጡን ነው። ስሙት።» ነቀነቀችው፤ ጸጥ። «ይኸኛው ደግሞ የእኔ ነው።» ሽክሽክ አለ። የራሷን ከፍታ ሳህን ላይ ገለበጠችው፤ እንደ ሰናፍጭ የደቀቁ ነጫጭ ፍሬዎች ተንከባለሉ። የጋሊንን ስትከፍት ልም ዱቄት ፈሰሰ። ከጂሙ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አዮዲን ወስዳ አንድ ጠብታ ጣለችበት። ዱቄቱ ሰማያዊ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠቆረ።

«ይህን ትምህርት ቤት ተምረነዋል» አለች። «የድንች ስታርች ነው፤ ሾርባ የምናወፍርበት። ጋሊን በየጠዋቱ ስታርች ይውጥ ነበር። ጨጓራዬ ተሸፍኗል ብሎ ያንን ሁሉ ክኒንና ማስታገሻ ባልተሸፈነ ጨጓራ ላይ ያዘንብበት ነበር።»

ጽቬታ ከግድግዳው ተላቀቀች።

«ማን?» አለች።

«ጠላት አይደለም። ሊገድል የፈለገ ስታርች አይሞላም። ሞምቺል እንዳልሆነ የምናውቀው እሱም ከዚያው ጠርሙስ እየዋጠ ደረቱ ሲነድ ስለነበር ነው፤ የሞላው እሱ ቢሆን አይውጠውም። ጽቬታ፣ አንቺ ጠርሙሱ አጠገብ አልደረስሽም፤ ጋሊን ሲሞትም ምድጃ ፊት ነበርሽ። ይህን ያደረገ ሰው የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ጋሊንን ቃሩ ተመልሶ እንዲይዘው። ምርር እንዲለው። ምርር ብሎት ክኒኑን እንዲጥለው።» ወደ መግቢያው ጠረጴዛ ዞረች። «ለቃር ምን እንደምትወስዱ ሁላችሁንም ጠይቄያለሁ። ድንች፣ ወተት፣ ማስቲካ አላችሁኝ። ሶዳ በሎሚ የበጠበጠልኝ አንድ ሰው ነው። የሎሚው ዘርም እንደ ጋሊን ብርጭቆ ወደ ሥሩ ወረደ።»

ቨርጊል የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«እኔን አስቁሞኛል እኮ» አለ። «ቃር እኔን አስቁሞኛል። እሱንም ያስቆመዋል ብዬ ነው። መምከር ሞከርኩ፣ መጣላት ሞከርኩ፣ አልቅሼ ለመንኩት። ከዚህ ሌላ ምን ቀረኝ?»

«እሱ ግን አንተን አይደለም» አለች ቬልኮቫ። «እሱ ሲያቃጥለው እየሠራ ነው ብሎ የሚጨምር ሰው ነበር። አብረኸው ስትውል አላየኸውም?»

«አላወቅኩም። ይተዋል እያልኩ በየቀኑ እጠብቅ ነበር።»

«ስታርቹ አንድ ነገር ነው፣ ቨርጊል። ስለ ትናንት ጠዋት ንገረኝ።»

ቨርጊል ወደ ጽቬታ ሳያይ ተናገረ። ቦይለሩን ሊያቀጣጥል ሲገባ ጋሊን ጎብጦ አገኘው። ባልዲው ውስጥ ያለው ጥቁር ነበር። አምቡላንስ ልጥራ አለው፤ ጋሊን እጁን ያዘው፣ አምቡላንስ ከመጣ ቅዳሜ ቀረ ማለት ነው ብሎ። ሶዳ በጠበጠለት፤ ያንንም ገፋው።

«እሱ ጨጓራው ነው ብሎ አላመነም» አለች ቬልኮቫ። ድምፅዋ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር፣ ልትቆጣጠረው አልቻለችም። «ለምን እንዳላመነ አንተ ብቻ ነበር የምታውቀው። ‹እንክብልህ ባዶ ነው፣ እኔ ነኝ ባዶ ያደረግሁት፣ ተነስ› ብትለው ይነሳ ነበር። ሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የነፈግከው።»

«ልነግረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።» ቨርጊል ፊቱን ሸፈነ። «ዳግመኛ ዓይኔን አያየኝም ብዬ ፈራሁ። ያልፍለታል፣ ትንሽ ላቆየው አልኩ። ከዚያ ጸጥ አለ። እኔም ጠርሙሱን ይዤ ወጣሁ።»

ስፓሶቭ ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። «እሺ፣ ማንን ነው የምከሰው?» አለ።

«ሁለቱንም።»

«እንዴ!» አለ ኦግኒያን ካቴናውን እያንቀጫቀጨ። «አልገደልኩም ተባለ እኮ!»

«አልገደልክም። አግዳሚው ላይ ያለው ክኒን ግን ያንተ ነው፤ ሞምቺልም የሚውጠው ያንኑ ነው። በሱ ትጠየቃለህ፣ እዚያው መኪና ውስጥ ግባ።» ይህን ስትል እንኳ ደስ አላላትም። ኦግኒያን በጥቂት ወር ወጥቶ ሌላ ምድር ቤት እንደሚከራይ ታውቃለች። ወንድሙን የወደደው ሰው ግን ቶሎ አይወጣም።

ጽቬታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ትመታዋለች ብለው ሞምቺልና አንዱ ፖሊስ ተንቀሳቀሱ፤ እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጇን አስደግፋ ቆመች።

«መጨረሻ ላይ ምን አለህ?»

«ተይኝ፣ ጽቬታ።»

«ምን አለህ?»

ቨርጊል እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ።

«‹ጨጓራዬ አይደለም፣ መድኃኒቴን ውጫለሁ› አለኝ። ‹አታስብ፣ ወንድም ጋሼ› አለኝ።»

ጽቬታ ወደ ደረጃው ሄደች። ቬልኮቫ የቨርጊልን ካቴና ለማንም ሳትሰጥ ራሷ አሰረችለት።